ከአዲስ አበባ እስከ ጎንደር

ባለፈው ሳምንት ተማሪዎቼን ካርታ ማንበብ ሳስተምር፥ አንዲት ልጅ እጇን አንሥታ «መምህር፥ ጎንደር ከዚህ ከአዲስ አበባ ምን ያህል ይርቃል?» ስትል ጠየቀችኝ። ማስመሪያዬን በካርታው ላይ አጋድሜ ብለካው 420 ኪሎ ሜትር ያህል ሆነ። ከኋላ የተቀመጠው ልጅ፥ አባቱ የጭነት መኪና ነጂ ነውና፥ «730 ነው እንጂ!» ብሎ ተነሣ። ካርታውም ልጁም አልዋሹም።

የመጀመሪያው የአውሮፕላን መንገድ ነው፤ አንድ ሰዓት ያህል በርሮ አዘዞ ያርፋል። መኪና ግን ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ በረሃ ይወርዳል፤ ከሺህ ሜትር በላይ ቍልቍለት እየተጠማዘዘ ወርዶ ድልድዩን ሲሻገር፥ የወረደውን ያህል ወደ ደጀን ይወጣል። ከአፋፍ ቆሞ ለሚያይ ማዶው ቅርብ ይመስላል፤ መንገዱ ግን 40 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከዚያም በደብረ ማርቆስ ዞሮ፥ ባሕር ዳር ላይ ዓባይን ዳግመኛ ተሻግሮ፥ ጣናን በስተግራ ትቶ በወረታና በአዲስ ዘመን በኩል ጎንደር ይገባል።

ለልጆቹ ያልነገርኋቸው ነገር አለ።

በ1998 ዓ.ም. «አባታችን ታመዋል፤ ቶሎ ድረስ» የሚል የስልክ መልእክት ደረሰኝ። ያን ጊዜ ጀማሪ መምህር ነበርሁ፤ የአውሮፕላኑ ዋጋ ከአውቶቡሱ ብዙ እጥፍ ነበረ። «ሁለት ቀን ምን አላት? የሚተርፈው ለመድኃኒታቸው ይሆናል» ብዬ ማልጄ በአውቶቡስ ተሳፈርሁ። ዓባይ በረሃ ውስጥ ጎማ ፈነዳ፤ በዚያ ሐሩር ብዙ ቆየን። በሌሊት ደብረ ማርቆስ ገብተን አደርን። በማግስቱ ወደ ማታ ከቤታችን ደጅ ስደርስ ድንኳን ተተክሏል። ቀብሩ በስድስት ሰዓት ተፈጽሞ ነበር።

አባቴ ያንን መንገድ በወጣትነታቸው በበቅሎ ያውቁት ነበርና፥ ቀኑን ሙሉ «አሁን የት ደርሶ ይሆን?» ይሉ እንደ ነበር እኅቴ ነገረችኝ። እርሷም ልባቸው እንዳይሰበር «ደጀን ወጥቷል»፥ «ማርቆስ አልፏል» ትላቸዋለች። በመሸ ጊዜ «ባሕር ዳር ገብቷል» ስትላቸው፥ «እንግዲያስ ዓባይን ሁለተኛ ተሻግሯል፤ ቀርቧል» ብለው ተኙ። ሳይነጋ ዐረፉ። እኔ በዚያች ምሽት ገና የደጀንን አቀበት በመውጣት ላይ ነበርሁ።

የተረፈው ገንዘብ ለአርባው ተዝካር ዋለ።

ዛሬ እኅቴን ልጠይቅ ስሄድ በአውሮፕላን እሄዳለሁ። ሁለት ሰዓት ቀድሞ መገኘቱና ከአዘዞ ወደ ከተማ መግባቱ ሁሉ ተደምሮ እንኳ ግማሽ ቀን አይሞላም። የዓባይን ሸለቆ የሚሻገረው በጥቂት ደቂቃ ነው፤ በመስኮቱ ጐንበስ ብዬ ጎማው የፈነዳበትን ጥምዝ እፈልጋለሁ፤ ሳላገኘው ያልፋል።

ልጅቱ ግን ጥያቄዋን አልተወችም። «ታዲያ በደብተሬ የቱን ልጻፍ?» አለችኝ።

«ሁለቱንም ጻፊ» አልኋት፤ «በምን እንደሚኬድም ከጐኑ አስፍሪ።»