በጥቂት ሽልንግ ወደ ባሕር

ናይሮቢ በኖርንባቸው ሦስት ዓመታት በቤታችን በብዛት የተበላ ነገር ቢኖር ሱኩማ ዊኪ ነው። እንደ እኛ አገር ጎመን ያለ ቅጠል ሲሆን፣ በሽንኩርትና በቲማቲም ጠበስ ተደርጎ ኡጋሊ ከሚባለው የበቆሎ ገንፎ ጋር ይበላል። ስሙ በስዋሂሊ «ሳምንቱን ግፋው» እንደ ማለት ነው። ደመወዝ እስኪደርስ ኪሱ የሳሳበትን ሰው ሳምንቱን የሚያሻግር ርካሽ ምግብ በመሆኑ ነው። ይህን ትርጉም ኬንያዊቷ ጎረቤቴ ስትነግረኝ «እኛም ጎመን በጤና እንላለን» ብዬ አብሬያት ሳቅሁ። በኋላ ሳስበው ግን የእኔም ኑሮ ይኸው ሆኖ አገኘሁት፤ ሳምንት መግፋት።

ወደ ናይሮቢ የሄድነው ባለቤቴ ነገረ መለኮት ለመማር የትምህርት ዕድል ባገኘ ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. በ2016 ነው። ያኔ ሴቷ ልጃችን ስድስት ዓመቷ፣ ወንዱ ደግሞ ገና ሁለት ዓመቱ ነበር። ለትምህርቱና ለመኖሪያ ክፍላችን ይከፈልልናል። ለቀለብ፣ ለልጆች ትምህርት ቤት፣ ለትራንስፖርትና ለሕክምና ግን በየወሩ የሚሰጠን ገንዘብ የተቆረጠች ነበረች። ከእርሷም ላይ አገር ቤት ላሉት ለባለቤቴ እናት እንልካለን። ከዚህ የሚተርፈውን የማብቃቃት ኃላፊነት የእኔ ሆነ።

እውነቱን ለመናገር ጎበዝ ሆንኩበት። ማታቱ የሚባሉት ሚኒባሶች በሥራ መግቢያና መውጫ ሰዓት፣ በተለይም ዝናብ ሲጥል ዋጋ እንደሚጨምሩ ስለገባኝ ገበያ የምሄደው ረፋዱ ላይ ነው። የልጆቹን ልብስ ጊኮምባ ከሚባለው ታላቅ የሳልቫጅ ገበያ መርጬ እገዛለሁ። በ2017 የበቆሎ ዱቄት ተወድዶ የኬንያ መንግሥት ሁለት ኪሎውን በ90 ሽልንግ እንዲሸጥ ባደረገ ጊዜ ከተሰለፉት አንዷ እኔ ነበርኩ። ጤፍ ከማሽላ ጋር እየቀላቀልኩ እንጀራ ጋግሬም በግቢው ላሉት ኢትዮጵያውያን ተማሪዎች መሸጥ ጀመርኩ። ወር አልቆብን ተበድረን አናውቅም። በዚህም ውስጤ ይኮራ ነበር።

ከቦርሳው ሥር የተገኘው ወረቀት

በ2018 ሰኔ ወር አንድ ቀን የልጄን የትምህርት ቤት ቦርሳ ላጥብ ስገለብጠው ከሥሩ የተጨማደደ ወረቀት ወጣ። ለወላጆች የተጻፈ ደብዳቤ ነው። ክፍላቸው ለሦስት ቀን በባቡር ወደ ሞምባሳ ሄዶ ባሕር እንደሚያይ፣ ክፍያውም 12,000 ሽልንግ እንደሆነ ይገልጻል። የመመዝገቢያው ቀን ካለፈ ሦስት ሳምንት ሆኖታል።

ማታ ጠራኋትና «ይህን ለምን አላሳየሽንም?» አልኳት።

«አልፈልግም፤ ባሕር አልወድም» አለችኝ። ባሕር አይታ የማታውቅ ልጅ ናት።

አባቷ አጠገቡ አስቀምጦ ቀስ ብሎ ሲጠይቃት ግን ዓይኗ እንባ አቀረረና «እማ የለንም ስትል ፊቷ ስለሚከፋው ነው» አለች።

ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። ያን ገንዘብ ብትጠይቀኝም ኖሮ አልነበረኝም። ያሳመመኝ ግን ገንዘቡ አልነበረም። ሳንቲም ሳላባክን የምኖር ብልህ ሴት ነኝ ስል፣ ለካ ልጄ መፈለጓን ራሱ እንድትደብቅ አስተምሬያታለሁ። ስምንት ዓመት ሳይሞላት ሳትጠይቀኝ መልሴን ታውቀው ነበር።

ጠዋት ለባለቤቴ «ልጆቹን ባሕር ሳናሳያቸው ወደ አገራችን አንመለስም» አልኩት። እርሱ ተጨነቀ። «የሚደግፉን ወገኖች ከደመወዛቸው ቀንሰው ነው የሚልኩልን። ሞምባሳ ሄዱ፣ ተዝናኑ ሲባል ምን ይላሉ? እናቴስ?» አለ። ጥያቄው ተገቢ ነበር። ብዙ ከተነጋገርን በኋላ በሁለት ነገር ተስማማን። ለእናቱ የምንልከው አይነካም። ለጉዞውም ከድጋፍ ገንዘብ አንድ ሽልንግ አይወጣም፤ የሚሄደው በእንጀራዬ ነው። በአገር ቤት ዕቁብ እንደሚጣለው፣ በየወሩ 3,000 ሽልንግ በኤም-ፔሳ ለብቻው በተያዘ የስልክ ቁጥር ላይ አስቀምጥ ጀመር። በአሥር ወር 30,000 ሞላ።

ሠላሳ ሺህ ሽልንግ አራት ሰው እንዴት አደረሰ?

አንባቢዎች ይጠቀሙበት ዘንድ አካሄዳችንን በዝርዝር ላስቀምጥ። የመጀመሪያው ነገር ወቅት መምረጥ ነው። በሞምባሳ ታኅሣሥና የፋሲካ ሰሞን እንግዳ የሚበዛበት፣ የማደሪያ ዋጋም የሚሰቀልበት ነው። ከመጋቢት መጨረሻ እስከ ግንቦት ያለው ጊዜ ግን የረጅሙ ዝናብ ወቅት ስለሆነ እንግዳ ይቀንሳል፤ ዋጋውም ይረግባል። ስለዚህ ልጆቹ ትምህርት በሚዘጉበት በ2019 ሚያዝያ ወር መጀመሪያ፣ ፋሲካ ሳይደርስ ሄድን። ዝናብ አገኘን ወይ? አዎ፣ ግን አብዛኛውን በሌሊት ነበር የሚጥለው፤ ቀን ላይ ፀሐይዋ እንደ ልብ ነበረች።

ሁለተኛው መጓጓዣ ነው። ከናይሮቢ ሞምባሳ የሚሄደው አዲሱ ባቡር በ2017 ሥራ የጀመረ ሲሆን፣ በዚያን ጊዜ የአንደኛ ማዕረግ ዋጋው 3,000፣ የተራው መቀመጫ ደግሞ 1,000 ሽልንግ ነበር። ከሦስት እስከ አሥራ አንድ ዓመት ያሉ ልጆች በግማሽ ይሄዳሉ። ስለዚህ ለአራታችን ደርሶ መልስ 6,000 ብቻ ከፈልን። ቲኬቱ ቶሎ ስለሚያልቅ አስቀድሞ መቁረጥ ያስፈልጋል። የተራው መቀመጫ ጠባብ ቢሆንም መስኮቱ ግን ያው መስኮት ነው። ጻቮ በሚባለው ፓርክ መካከል ስናልፍ በዚያው አገር ቀይ አፈር የቀሉ ዝሆኖች አየን። ወንዱ ልጄ «እማ፣ ማን ቀባቸው?» እያለ ተሳፋሪውን ሁሉ አሳቀ።

ሦስተኛው ማደሪያ ነው። ከሞምባሳ በስተደቡብ ዲያኒ በሚባለው የባሕር ዳርቻ ባሕሩ ፊት ለፊት ያሉት ሆቴሎች ለእኛ የሚቀመሱ አልነበሩም። ከዋናው መንገድ ወዲያ ማዶ ባለው መንደር ግን ማብሰያ ያላትን ትንሽ ቤት በሌሊት 2,200 ሽልንግ አገኘን። ለአምስት ሌሊት 11,000 መሆኑ ነው። በእግር ሃያ ደቂቃ ከሄድን ባሕሩ ያው የሀብታሞቹ ባሕር ነው። ወደዚያ ለመሄድ ያኔ ከሞምባሳ ደሴት በሊኮኒ ጀልባ መሻገር ያስፈልግ ነበር፤ ለእግረኛ በነጻ ነው። ከጀልባው በኋላ ማታቱ፣ ከዚያም ባጃጅ። ለዚህ ሁሉ 2,500 ያዝን።

ለምግብ 5,000 መደብን። ጠዋት ማሀምሪ እንገዛለን፤ የእኛን ቦምቦሊኖ የሚመስል፣ ሄል የገባበት ነው። በኮኮናት ወተት ከተሠራ የባቄላ ወጥ መሳይ ነገር ጋር ሲበሉት እስከ ቀትር ያቆያል። ዓሣ ከአጥማጆቹ እየገዛሁ ቤት እጠብሳለሁ። በርበሬና ሽሮ ይዤ ስለሄድኩ ማታ ማታ የራሳችንን እንበላለን። በመጨረሻው ቀን ምግብ ቤት ገብተን ምሳ እንድንበላ 3,000፣ ለድንገተኛ ጉዳይ 2,500 ለየሁ። ተደምሮ ሠላሳ ሺህ።

ማዕበሉና መልሴ

ባሕሩን ባየን ጊዜ ልጆቼ ለጥቂት ጊዜ ዝም አሉ። ከዚያ ወንዱ ሮጦ ገባና ቀምሶት ተመለሰ። «ጨው ጨምረውበታል!» ብሎ ጮኸ። እስከዚያ ቀን የሚያውቀው ብዙ ውኃ ከአባቱ ስልክ ላይ ያየውን የሐዋሳን ሐይቅ ነው። አባቱ ሱሪውን ጠቅልሎ ሲከተለው አየሁት። ከተጋባን ጀምሮ እንደዚያ ሲስቅ ያየሁት ጥቂት ጊዜ ነው።

በሦስተኛው ቀን ባሕሩ ወደ ኋላ ሸሽቶ ሳለ አንድ ጀልበኛ ወደ እኛ መጣ። ወለሉ መስታወት የሆነ ጀልባ አለው። እስከ ኮራል ድንጋዩ ወስዶ ቀለም ያላቸውን ዓሦች ሊያሳየን በ3,000 ሽልንግ ተስማማ። እኔም ሳላስበው «የለንም» አልኩ። ቃሉ ከአፌ ሳይጨርስ ሴቷ ልጄ ፊቷን ወደ አሸዋው መልሳ «እኔ እኮ አልፈልግም፤ ጀልባ ያስጠላኛል» አለች።

ደነገጥኩ። ይህን ሁሉ ወር ለፍቼ፣ ይህን ሁሉ መንገድ መጥቼ፣ ያቺን ደብዳቤ ደግሜ ቦርሳዋ ሥር ከተትኳት።

ጀልበኛውን ጥቂት እንዲታገሠን ለመንኩት። አሸዋው ላይ ተቀመጥንና ሒሳብ የምጽፍባትን ትንሽ ደብተር አወጣሁ። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ለልጆቼ ገጹን ከፍቼ አሳየኋቸው። «ይኸው፣ ያለን ይህ ነው። ይህ የባቡር መመለሻ ነው፤ አይነካም። ይህ ሰው ቢታመም ብለን ያስቀመጥነው ነው። ይህ 3,000 ደግሞ ለመጨረሻው ቀን ምሳ ነው። ጀልባና ምሳ ሁለቱም አይሆኑም። ምረጡ» አልኳቸው። ከዚያም ወደ ልጄ ዞሬ «ብትጠይቂኝ ፊቴ አይከፋም። ቢከፋም ላንቺ አይደለም» አልኳት።

ብዙ ዝም ብላ ደብተሩን አየች። በጣቷ ቁጥሮቹን ተከተለች። በመጨረሻ በዝቅተኛ ድምፅ «ጀልባው ይሻለኛል» አለች።

ያን ቀን ከመስታወቱ በታች ያየናቸውን ዓሦች ስም አላውቅም። እኔ የማስታውሰው መስታወቱ ላይ በግንባሯ ተደፍታ «እማ ነይ! እማ ነይ እዪ!» እያለች ስትጠራኝ ነው። በመጨረሻው ቀን ምሳችን ማሀምሪ ነበር። ማንም አላጉረመረመም፤ ራሳቸው መርጠውታላ።

የድንገተኛው 2,500 ሳይነካ ተረፈ። ምን እናድርገው ብለን ስንጠይቅ ልጄ «ለአያቴ» አለች። ካንጋ የሚባለውን፣ የስዋሂሊ አባባል የተጻፈበትን የባሕር ጠረፍ ሴቶች ልብስ በ600 ሽልንግ ገዛንላቸው። ባለቤቴ ስለ እናቱ የነበረበት ጭንቀት በልጁ አንደበት መልስ አገኘ።

ውድ አንባቢያን፣ ቁጠባን ላንኳስስ አይደለም ይህን የጻፍኩት። በባዕድ አገር የተቆጠረ ገንዘብ ይዞ የሚኖር ሰው ካልቆጠበ ያፍራል። ነገር ግን እኛ እናቶች ብቻችንን ስንቆጥር ልጆቻችን የሚሰሙት «የለንም» የሚለውን ብቻ ነው። ያለውንና የሌለውን አብረው ቢያዩ ግን ይረዳሉ። የአምስት ዓመት ልጅ እንኳ «ይህ ወይም ያ» ሲባል ያውቃል። ከፍቅር የተነሣ ችግራችንን የምንሰውራቸው ልጆች ፍላጎታቸውን ይሰውሩናል። ይህን እኔ የተማርኩት ዘግይቼ ነው፤ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ብዙ ሳልዘገይ።

በዚያው ዓመት ወደ አዲስ አበባ ተመለስን። ዛሬ ያንኑ ጉዞ እንሂድ ብንል አንችለውም። የባቡሩ ተራ መቀመጫ ከ2024 መጀመሪያ አንሥቶ 1,500 ሽልንግ ገብቷል። ያኔ አንድ ሽልንግ በባንክ ከ30 ሳንቲም በታች ነበር፤ በ2024 ሐምሌ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ግን ከአንድ ብር በላይ ሆኗል። ስለዚህ የእኛ ሞምባሳ አርባ ምንጭ ሆነች። ሙቀቱ አለ፣ ሙዝና ማንጎው አለ፣ አባያና ጫሞ ሐይቆች አሉ። ወቅት እንመርጣለን፣ ከመሀል ከተማ ራቅ ያለ ማደሪያ እንይዛለን፣ ሽሯችንን ይዘን እንሄዳለን። ደብተሩም ጠረጴዛ ላይ ተከፍቶ ይቀመጣል፤ ሁሉም የፈለገውን ይጽፍበታል።

ሴቷ ልጄ ዛሬ ቁመቷ ከእኔ በልጧል። ባለፈው ወር ደብተሩ ላይ የኮምፒዩተር ኮርስ ክፍያ ጽፋ አገኘሁ። ደምሬ ቀንሼ «በዚህ ወር አይሆንም የኔ እናት» አልኳት። ፊቷን አየሁት። ወደ ሌላ አልመለሰችውም።

«እንግዲያውስ መቼ ይሆናል?» አለችኝ።

ወንበር ስቤ አጠገቧ ተቀመጥኩና አብረን መቁጠር ጀመርን።