ከዳር የቆሙት



ባለፈው ወር፣ ከቅዳሜው የወጣቶች ኅብረት በኋላ፣ ከመካከላችሁ አንዱ ወንበር እየደራረበ ጠጋ አለና «ጋሼ፣ ፊልም ታያለህ እንዴ?» ብሎ ጠየቀኝ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው የጠየቀኝ፤ የደበቅሁትን ኃጢአት ያገኘብኝ ይመስል ነበር። «አዎ፣ አያለሁ» አልኩት። ፊቱ ፈካ። «እሺ፣ ካየሃቸው ውስጥ የማን ትወና ይበልጣል?» ብሎ ቀጠለ። ሽማግሌዎች ለስብሰባ እየጠሩኝ ስለነበር ሳልመልስለት ሄድኩ። ይህ ጽሑፍ ለእርሱም፣ ያንኑ ጥያቄ በልባችሁ ይዛችሁ ለመጠየቅ ላፈራችሁትም ሁሉ መልስ ይሁንልኝ።

እኔ አረቅጥ ተወልጄ ያደግሁ ነኝ። የመጀመሪያውን ፊልም ያየሁት ሲኒማ ቤት ገብቼ አይደለም። ወንጌላውያን ይዘውት የመጡት የኢየሱስ ፊልም ነበር። ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ፤ በ1979 እ.ኤ.አ. የተሠራ፣ እስከ ዛሬ ከ2,000 በላይ በሆኑ ቋንቋዎች የተተረጎመ ፊልም ነው። ጀፎረው ላይ በሁለት እንጨት መካከል ነጭ አንሶላ ተወጠረ። ጄኔሬተሩ ራቅ ብሎ ያጓራል። ሰዉ ጋቢውን ተከናንቦ ሣሩ ላይ ተቀምጧል፤ የጉመርን የማታ ብርድ ለእናንተ መንገር አያስፈልገኝም። ጌታ ሲገረፍ ብዙ ሴቶች ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አለቀሱ። እኔ ፈርቼ ዓይኔን ከአንሶላው ላይ ሳነሳ ያረፈው እናቴ ፊት ላይ ነበር። እርሷ አላለቀሰችም። የነጠላዋን ጫፍ በጣቷ ላይ ጠቅልላ፣ ከንፈሯን ገጥማ ዝም ብላ ታያለች። የፊልሙ ብርሃን ፊቷ ላይ ይመጣል፣ ይሄዳል። ያን ማታ ስለ መስቀሉ የገባኝ ነገር ካለ፣ ከአንሶላው ይልቅ ከእናቴ ፊት ላይ ያነበብኩት ነው።

ከዚያን ጊዜ ወዲህ ፊልም ሳይ ዓይኔ ወደ ዳር ይሄዳል። ዋናው ተዋናይ ሲናገር፣ የሚያዳምጠው ሰው ምን እያደረገ እንደሆነ አያለሁ። በብዙ የአማርኛ ፊልሞች ላይ ያለኝ ቅሬታም ከዚህ ይነሳል። ሐዘን ሲመጣ ጩኸት ይመጣል፤ ፍቅር ሲመጣ ረጅም ንግግር ይመጣል፤ ያም አልበቃ ብሎ ሙዚቃው «አሁን አልቅሱ» ይለናል። ሰው ግን እንዲህ አይደለም። ለቅሶ ቤት ሄዳችሁ ታውቃላችሁ። ከሁሉ የበለጠ የተጎዳው ብዙ ጊዜ ጥግ ይዞ ዝም ያለው ነው። ጥሩ ተዋናይ ማለት ለእኔ ያንን ዝምታ ማሳየት የሚችል ነው። እንዲህ ያሉትን በጭብጨባ የሚያስታውሳቸው ግን ጥቂት ሰው ነው። ሦስቱን ልንገራችሁ።

የመጀመሪያዋ በ«ድፍረት» ውስጥ ያለችው ልጅ ናት። የዘረሰናይ ብርሃነ ፊልም ነው፤ በ2014 እ.ኤ.አ. በአሜሪካው የሰንዳንስ ፌስቲቫል የተመልካቾችን ሽልማት አግኝቷል። ታሪኩ በእውነተኛ ጉዳይ ላይ የተመሠረተ ነው። ሂሩት የ14 ዓመት ተማሪ ናት፤ ከትምህርት ቤት ወደ ቤቷ ስትሄድ ፈረሰኞች ይጠልፏታል፤ ለማምለጥ ስትሞክር ጠላፊዋን ተኩሳ ትገድላለች። ስለዚህ ፊልም ሲወራ የምትነሳው ጠበቃዋን ሆና የሠራችው ሜሮን ጌትነት ናት፤ ይገባታልም። እኔ ግን ሂሩትን ሆና ስለ ሠራችው ስለ ትዝታ ሀገሬ መናገር እፈልጋለሁ። ይህች ልጅ ብዙ አትናገርም። ትልልቆቹ ስለ እርሷ ይናገራሉ፤ ፖሊሱ ይናገራል፣ ሽማግሌዎቹ ተቀምጠው ይመክራሉ፣ ጠበቃዋ ትከራከራለች። እርሷ አንገቷን ደፍታ ትሰማለች። ሆኖም አንገቷን የደፋችው ተሸንፋ እንዳልሆነ እናውቃለን። እንዴት እንዳሳወቀችን ግን ለመናገር ያስቸግራል፤ ትወና ማለት እርሱ ነው። እኛ ጉራጌዎች የቃቄ ወርድወትን ታሪክ እየሰማን አድገናል፤ በትዳር ውስጥ ስለ ሴቶች መብት በሽማግሌዎች ፊት ቆማ የተሟገተች እናታችን ናት። «ድፍረት»ን ሳይ አንድ ነገር አሰብኩ፦ ወርድወት ተናገረች፤ ስንቶቹ ግን አንገታቸውን ደፍተው አለፉ?

ሁለተኛው ትንሽ ልጅ ነው። የያሬድ ዘለቀ «ላምብ» በ2015 እ.ኤ.አ. በካን ፌስቲቫል ይፋዊ ምርጫ ውስጥ ገብቶ የታየ የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ፊልም ነው። ኤፍሬም እናቱን በድርቅ ዘመን ያጣ ልጅ ነው። አባቱ ሥራ ፍለጋ ወደ አዲስ አበባ ሲሄድ ዘመድ ቤት ይተወዋል። የቀረችው ጓደኛ አንዲት በግ ናት፤ አጎቱ ደግሞ በጓን ለበዓል ሊያርዳት አስቧል። መስቀል ሲደርስ የሚታረደውን ከብት ወይም በግ እየቀለበ ያደገ የእኛ አገር ልጅ ይህን ታሪክ ማንም ሳይተረጉምለት ይረዳዋል። ኤፍሬም ወጥ መሥራት ይወዳል፤ በዚህም ይሾፍበታል። ሳምቡሳ ሠርቶ ገበያ እየሸጠ የመሳፈሪያ ገንዘብ ያጠራቅማል። ረድኤት አማረ የተባለው ልጅ ይህንን ሁሉ የሠራው ያለ ልመና ነው። «እዘኑልኝ» አይልም። ናፍቆቱን በእጁ ሥራ ላይ ነው የምናየው። የአጎቱን ልጅ ጽዮንን ሆና የሠራችው ቅድስት ስዩምም እንዲሁ ናት። ጋዜጣ የምታነብ፣ ከገበሬ ቤት ሥራ የሰፋ ሐሳብ ያላት፣ ቤተሰቧም «መቼ ትዳሪያለሽ?» እያሉ የሚነዘንዟት ወጣት ናት። የእርሷን ፊት ሳይ እዚህ አረቅጥ ውስጥ የማውቃቸው ሦስት አራት እህቶች ትዝ አሉኝ። መጨረሻውን አልነግራችሁም።

ሦስተኛዋ ከሁሉም በላይ በልቤ የቀረችው ናት፤ በኃይሌ ገሪማ «ጤዛ» ውስጥ ያለችው እናት። ይህ ፊልም በ2008 እ.ኤ.አ. በቬኒስ የዳኞችን ልዩ ሽልማት፣ በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ በዋጋዱጉ የፌስፓኮን ታላቅ ሽልማት የተሸለመ ነው። ረጅምና ከባድ ፊልም ነው፤ ስለዚህ ታናናሾቻችሁን ይዛችሁ አትዩት። አንበርብር ጀርመን አገር የተማረ ሰው ነው፤ ወደ እናቱ መንደር ሲመለስ ግን አንድ እግሩን አጥቶ፣ ትዝታው ተረባብሾ ነው። ሰዉ ሁሉ ከተማረው ልጅ አንድ ነገር ይጠብቃል፤ ምን እንደነካውም ይጠያየቃል። አንበርብርን ሆኖ የሠራውን አሮን አረፈን ብዙ ሰው አድንቆታል። እናቱን ሆና የሠራችው ታከለች በየነ ናት። ልጇ የሆነውን አታውቅም፤ ስለ አብዮትም ስለ አውሮፓም የምታውቀው የለም። የምታደርገው እርሱን ማየት ነው። ስታየው ግን የሄደውን ሕፃንና የመጣውን ሰው አንድ ላይ የምታይ ትመስላለች። ታዳሚው ስለ ፖለቲካው ሊከራከር ይችላል፤ እኔ ፊልሙ በእርሷ ዓይን ላይ የቆመ ይመስለኛል።

ይህን የምለው በምክንያት ነው። «ጤዛ»ን ያየሁት ኮሌጅ ጨርሼ፣ ሥራ አጥቼ ወደ አረቅጥ በተመለስኩበት ዓመት፣ በጓደኛዬ ላፕቶፕ ላይ ነው። በዚያን ጊዜ እናቴ አንድም ቀን «ሥራ አላገኘህም?» ብላ አልጠየቀችኝም። ጠዋት ጠዋት ቡናና ቆጮ አጠገቤ አስቀምጣ ትወጣለች። እኔ ዝምታዋን እንደ ወቀሳ እየቆጠርኩ እቆጣ ነበር። ፊልሙን መሃል ላይ አቁሜ ወደ ጓሮ ወጣሁ። እንሰት እየፋቀች ነበር። አጠገቧ ተቀመጥኩ። «ምነው?» አለችኝ። «ምንም» አልኳት። እጆቿን አየሁ። ከእነዚያ እጆች የወጣ ገንዘብ አስተምሮኝ፣ እኔ ግን እጆቿን እንዲህ ቀርቤ አይቻቸው አላውቅም ነበር።

እዚህ ላይ ብጨርስ ደስ ባለኝ ነበር። ነገር ግን እውነቱን ልንገራችሁ ብዬ ነው የተነሳሁት።

ፊልም ላይ ከዳር የቆመውን ሰው ማየት የተካንኩት እኔው፣ በገዛ አገልግሎቴ ውስጥ ያለውን ሳላይ ቀረሁ። በገና ድራማችን ላይ ሦስት ዓመት ሙሉ መጋረጃ የያዘች እህት ነበረችን። ሥራዋ መጋረጃውን መክፈትና መዝጋት፣ ቃሉ የጠፋበት ተዋናይ ሲኖር ከኋላ ሆና በሹክሹክታ ማስታወስ ነበር። አንድ ቀን በልምምድ ላይ ዮሴፍን የሚሠራው ልጅ ዘገየ። ልምምዱ እንዳይቆም ብላ የእርሱን ቃል ከመጋረጃው ጀርባ ሆና ትናገር ጀመር። ጽሑፉን አልያዘችም፤ በቃሏ ነው። ዮሴፍ በሴት ድምፅ ሲናገር ሁሉም ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ከዚያም «አንቺ መጋረጃሽን ያዢ» አልኳት። ያዘች። በገና ዕለት፣ ድራማው ሲያልቅ፣ የሁሉንም ስም በማይክሮፎን እየጠራሁ አመሰገንኩ። የእርሷን ስም ረሳሁ።

ከዚያ በኋላ መምጣት አቆመች። ይህን ያወቅሁት መቼ መሰላችሁ? ለፋሲካ ድራማ ስንዘጋጅ፣ መጋረጃ የሚይዝ ሰው ስፈልግ ነው። ወልቂጤ አክስቷ ዘንድ ሄዳ ነበር። እኔ ለሥልጠና ወልቂጤ በሄድኩ ጊዜ ሱቅ ውስጥ ስትሠራ አገኘኋት። ሻይ አስመጣችልኝ። የመጋረጃውን ነገር አንስቼ ይቅርታ ስጠይቃት፣ «ኧረ ጋሼ፣ ያ እኮ አለፈ» አለችኝ። ይህን ስትል ግን ዕቃ ታስተካክል ነበር እንጂ አላየችኝም። እንዳላለፈ ገባኝ። ፊት ማንበብ እችላለሁ ስል ኖሬ የለ? ያን ቀን ያነበብኩት ፊት የራሴን በደል ነው ያሳየኝ። አሁንም እጸልይላታለሁ፤ አልፎ አልፎም እደውላለሁ። ከዚህ ያለፈ መልካም መጨረሻ የለኝም።

እስቲ 2ኛ ነገሥት ምዕራፍ 5ን ዛሬ ማታ ክፈቱና አንብቡ። ንዕማንን ሁላችን እናውቀዋለን፤ ኤልሳዕን እናውቀዋለን። ታሪኩን ያስጀመረችው ግን ተማርካ የመጣች አንዲት ትንሽ ልጅ ናት። ስሟ አልተጻፈም። ተናገረች የተባለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ከዚያ በኋላ አትታይም። እርሷ ባትናገር ግን ንዕማን ወደ ዮርዳኖስ አይወርድም ነበር። አምስቱን እንጀራ የያዘውን የዮሐንስ ምዕራፍ 6 ልጅም እንዲሁ አስቡት። የሽልማት ሰዎች እንዲህ ያለውን «ረዳት ተዋናይ» ይሉታል። በእግዚአብሔር ዘንድ ግን ማን ዋና፣ ማን ረዳት እንደሆነ እኛ የምናውቅ አይመስለኝም።

ስለዚህ ወዳጆቼ፣ ፊልም ስታዩ እንዲህ እዩ። ሁሉም ፊልም አይጠቅምም፤ ለይታችሁ ምረጡ፣ ያያችሁትንም ከታላላቆቻችሁ ጋር ተነጋገሩበት። በመረጣችሁት ውስጥ ግን ከጀግናው ትከሻ ኋላ የቆመውን ፈልጉት። ከዚያ ስልካችሁን ዝጉና ያንኑ ዓይን ይዛችሁ ወደ ቤታችሁ፣ ወደ ኅብረታችሁ ግቡ። ምግቡን አቅርባ ራሷ ሳትቀመጥ የምትቀረው ማን ናት? መዝሙር ሲያልቅ ገመድ የሚጠቀልለው ማን ነው? ለሁለት ሳምንት ያልመጣውስ? በፊልም ላይ ያላየነው ሰው ምንም አይጎዳም። እዚህ ያላየነው ግን ይሄዳል።

እና አንተ ወንድሜ፣ «የማን ትወና ይበልጣል?» ብለኸኝ ነበር። መልሴ የአንበርብር እናት ናት። ይህን ጽሑፍ እየጻፍኩ ሳለ ደግሞ ሌላ ነገር ትዝ አለኝ። በየቅዳሜው ሁሉም ከወጣ በኋላ ወንበር የምትደራርበው አንተ ነህ፤ እኔም አንድ ቀን እንኳ አላገዝኩህም። በሚመጣው ቅዳሜ አብረን እንደራርባለን። የቀረውን የፊልም ወሬ ያኔ እንጨርሰዋለን።

ጸጋ ከሁላችሁ ጋር ይሁን።