ጠመንጃውን ያጠቆረ እጅ

ስለ ጠመንጃ ያልተዘፈነ፣ ያልተፎከረ ምን ቀረ? በኛ በወገራና በስሜን አገር ልጅ ሲወለድ ተኩስ፣ ሲዳር ተኩስ፣ ሰው ሲሞትም ተኩስ ነው። ውጅግራውም፣ ምንሽሩም፣ ዲሞትፎሩም በየተራቸው አዝማሪ አግኝተዋል። እኔ ዛሬ ላወጋችሁ የፈለግሁት ግን ስለ ተኳሹም ስለ ተተኮሰበትም አይደለም፤ ስለ ቀለሙ ነው። አዎ፣ ስለ ጥቁሩ ቀለም! “ኧረ ወዲያ፣ ይኸም ጽሑፍ ሆነና!” የምትል አንባቢ ካለህ ጥቂት ታገሠኝ።

የደባርቅን ጉም ያላየ ዝገትን አያውቅም። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ክረምት ገብቶ ጉሙ ከሊማሊሞ ገደል ሽቅብ ሲነሣ በር ዘግተህ አታስቀረውም፤ ቤት ገብቶ ከሰው ጋር ያድራል። ልብስ ያረጥባል፣ ጨው ያሟሟል፣ ብረት ይበላል። ምሰሶ ላይ የተሰቀለ ጠመንጃ ሞራ ካልተቀባ መስቀል ሳይደርስ ይቀላል።

የኛ ቤት ጠመንጃ የጣልያን ሥሪት ነው። መስከረም 1934 ዓ.ም. ወልቀፊት ላይ መሽጎ የነበረው የጣልያን ጦር እጁን ሲሰጥ ቅድመ አያቴ እጅ ገባ ይባላል። ለወንድ አያቴ ሲተላለፍ ጥቁሩ ተገፎ፣ ነጥቶ፣ እንደ መስታወት ያብረቀርቅ ነበር። ይህ ለሠርግ ያምር ይሆናል፤ ለአደንና ለጦር ግን መርዶ ነው። ፀሐይ ስትመታው ባለቤቱን ማዶ ላለው ሰው ይጠቁማል። ራቁቱን የቀረ ብረትም የጉም ቀለብ ነው።

ታዲያ ማን አጠቆረው? ባለእጅ ነዋ! ሴት አያቴ እንዳጫወቱኝ፣ ከዳባት ወዲያ ካለ የቤተ እስራኤል መንደር የሚመጣ፣ ማረሻም ማጭድም የሚሠራ ሰው ነበር። አፈሙዙን በእንጨት ውታፍ ደፈነና ብረቱን በአመድ ውሃ አጥቦ ስቡን አስለቀቀ። ከዚያ ሎሚና ጨው ቀባብቶ ጉም በሚገባበት ጎጆ አሳደረው። ጠዋት በርሜሉ ቀይ ዝገት ለብሶ ተገኘ። ወንድ አያቴ “ጠመንጃዬን ገደለው!” ብለው ጮኹ አሉ። ሰውየው ዝም ብሎ ውሃ አፈላና በርሜሉን ከነዝገቱ ቀቀለው። ቀዩ ጠቆረ። የላላውን በሻካራ ጨርቅ ፈትጎ አራገፈና እንደገና ቀባ፣ እንደገና አሳደረ፣ እንደገና ቀቀለ። ሳምንት ሙሉ እንዲህ ሲል ከርሞ በመጨረሻ ዘይት አጠጣው። የወጣው ጥቁር እንደ ከሰል ድብን ያለ፣ የማያብለጨልጭ፣ ጥፍር የማይፍቀው ነበር።

እኔ ምሥጢሩ የገባኝ ኬሚስትሪ ስማር ነው። ቀዩ ዝገት ልል ነው፤ እየተቀረፈ ብረቱን ይጨርሳል። ያው ዝገት በፈላ ውሃ ሲበስል ግን ማግኔታይት ወደሚባል ጥቁር ኦክሳይድ ይለወጣል፤ ይህ ከብረቱ ጋር ተጣብቆ ይቀራል፣ ዘይትም ይዞ ያቆያል። ዝገትን በዝገት መከልከል ማለት እንዲህ ነው። ፋብሪካዎች በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ በፎስፎሪክ አሲድ ሙቅ ውስጥ እየነከሩ ደብዛዛ ልባስ ማልበስ ጀመሩ፤ በ1945 ዓ.ም. ከተፈረመው ስምምነት በኋላ አሜሪካ ለጦራችን የሰጠችው ኤም ዋን የለበሰው ይህንኑ ነበር። ዛሬ ደግሞ የሴራሚክ ቅብ ተረጭቶ በምድጃ ይጋገራል። ያ ሰው ግን አሲድም ምድጃም አልነበረውም። የሁላችንን ጠላት፣ ጉሙን፣ ቀጥሮ አሠራው።

እንግዲህ ወደ ዋናው ነገሬ ልምጣ። ጠመንጃው ጠቁሮ ከጌታው ራስጌ ተሰቀለ። ያጠቆረው ሰውስ? ለሱ ብቻ በተለየ ቅል ጠላውን ደጅ ቆሞ ጠጣ። “ቡዳ ነው፣ ማታ ጅብ ይሆናል” እየተባለ ልጆች ከዓይኑ ይሸሸጉ ነበር። ዳግማዊ ምኒልክ ባለእጅ በሙያው እንዳይሰደብ አዋጅ አስነግረው ነበር፤ አዋጁ የኛን ደጃፍ የተሻገረ ግን አይመስለኝም። አያቴ ሲያወሩ ባላቸውን “እሳቸው”፣ ባለእጁን “እሱ” ይላሉ። በዕድሜ ማን ይበልጥ ነበር ብላቸው፣ “እሱ ሳይበልጥ አይቀርም” አሉኝ።

በ1976 ዓ.ም. ግድም ያ መንደር በሌሊት ተነሥቶ በእግሩ ወደ ሱዳን ወረደ። በመንገዱና በመጠለያው ሺዎች አልቀዋል። ሰውየው በ1977 ወይም በግንቦት 1983 በአውሮፕላን እስራኤል ከገቡት ይሁን፣ በረሃ ከቀሩት ይሁን፣ ከኛ ወገን የሚያውቅ የለም። “ቡዳው ሄደልን” ያለው ገበሬ ሁሉ ግን በበልጉ የዶለዶመ ማረሻ ተሸክሞ ከገበያ ገበያ ዞረ።

በ2013 ዓ.ም. ማለቂያ ጦርነት ዳባትና ደባርቅ ደጃፍ ከደረሰ ወዲህ የጠመንጃ ክብር ይበልጥ ጨምሯል፤ ግጥሙም እንደዚያው። ይገጠም፣ አልከለክልም። ግን አንድ ነገር ከነከነኝ። የባለእጁ ስም ማን ነበር ብዬ አያቴን ጠየቅኋቸው። የበቅሎዋን ስም፣ የውሻውን ስም እንኳ የሚያስታውሱት ሴት ጥቂት አሰቡና፣ “ባለእጁ ነዋ፣ ልጄ” አሉኝ።

ጓደኞቼ፣ ለእረፍት ቤታችሁ ስትገቡ የማረሻውን፣ የሸማውን፣ የምጣዱን ሠሪ ስም ጠይቁልኝ። አያቶቻችን ሳያልፉ ጠይቁ፤ ጻፉትም።