የጭላዳው ገደል

የመጀመሪያ ሸራዬ የማዳበሪያ ጆንያ ነው። ከደሴ መምህራን ማሠልጠኛ ወጥቼ መካነ ሰላም አካባቢ አንደኛ ክፍል ሳስተምር፣ የትምህርት ማበልጸጊያ ማዕከላችን ሀብት ጆንያ፣ ካርቶንና ሸክላ አፈር ነበር። ገበሬው ዩሪያውን ማሳው ላይ ሲጨርስ ባዶውን ጆንያ ልጁ ይዞልን ይመጣል። እናጥበዋለን፤ ጽሑፉ ወደ ውስጥ እንዲሆን እንገለብጠዋለን፤ ተርትረን በአጣና ላይ እንወጥረዋለን። ላስቲክ ነገር ስለሆነ እንዲሁ ቢቀቡት ቀለም አይዝም፤ አስቀድሞ ነጭ ቀለም ከኮላ ጋር በጥብጦ መለቅለቅ ግድ ነው። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ደግሞ የእኛ የወሎው ቦረና ውርጭ ቀለሙን አላደርቅ ይላል። ያኔ ጆንያውን ከከሰል ማንደጃው ራቅ አድርጌ፣ እንደ ቂጣ እያገላበጥኩ አበስለው ነበር።

ፊደል ገበታ ሣልኩ፤ የሰው ልብና ሳንባ ሣልኩ፤ የኢትዮጵያን ካርታ የሣልኩበትንማ ብዛት ተዉት። ከጆንያ ወደ ክፍል ግድግዳ ተሻገርኩና ስሜ ወጣ። የአጎራባች ትምህርት ቤት ርእሳነ መምህራን፣ አንዳንዴም ከአቀስታ ድረስ፣ ያስጠሩኝ ጀመር። ክፍያው ምሳና የመኪና መሳፈሪያ ነበር፤ ምሳው ግን በወሎ ደንብ ነው፣ አላማርርም።

ለልጆች መጽሐፍ ሥዕል መሥራት ራሱን የቻለ ሙያ መሆኑን ያወቅሁት አንድ ባልደረባዬ ከአዲስ አበባ ይዞት በመጣው መጽሐፍ ነው። ዮሐንስ ገብረጊዮርጊስ የማሞ ቂሎን ተረት በአማርኛና በእንግሊዝኛ ጽፎ እ.ኤ.አ. በ2002 ያሳተመው ነበር፤ ሥዕሎቹን የሠራው ቦጋለ በላቸው ነው። ማሞ ቂሎን ከአያቴ አፍ ስሰማው ያደግሁ ነኝ፤ መልኩን ግን አይቼው አላውቅም ነበር። መጽሐፉን ለተማሪዎቼ ስሰጣቸው አንድም ልጅ ዓይኑን ፊደሉ ላይ አላሳረፈም። ጣታቸው በሥዕሉ ላይ ይሄዳል፣ አፋቸው ተረቱን ከራሱ እያወጣ ይናገራል። ገጹን ቀድሞ የገለጠ ይገፈተራል።

ዮሐንስ ሳን ፍራንሲስኮ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ይሠራ የነበረ ሰው ነው። ትውልዱ ነገሌ ቦረና ነው፤ ከእኛ ቦረና ጋር ስም እንጂ መንገድ አያገናኘውም። ወደ አገሩ ተመልሶ እ.ኤ.አ. በ2003 አዲስ አበባ ሾላ ላይ የልጆች ቤተ መጻሕፍት ከፈተ፤ ቆየት ብሎም ሐዋሳ ላይ መጻሕፍትን በአህያ ጋሪ ያዞር ጀመር። ይህን ስንሰማ መምህራን ማረፊያ ውስጥ ሳቅ ሆነ። አህያስ ለእኛ መቼ ጠፋችን፣ የጠፋን የምትጭነው መጽሐፍ ነው!

የሥዕሌን ናሙና ይዤ አዲስ አበባ ወረድኩ። ብዙ በር አንኳኩቼ አንድ አሳታሚ ለአንደኛና ሁለተኛ ክፍል የሚሆን ተጨማሪ ማንበቢያ ሰጠኝ፤ አሥራ ስድስት ገጽ። ለምን አሥራ ስድስት እንደሆነ ማተሚያ ቤት ቆሜ ነው የገባኝ፦ ትልቁ ወረቀት በሁለቱም ፊቱ ታትሞ ሲታጠፍ አሥራ ስድስት ገጽ ይወጣዋል፤ አንድ ገጽ ልጨምር ቢሉ ሌላ ወረቀት ሊባክን ነው። የሰው ፊት ማጠፊያው ላይ እንደማይሣል፣ ጠርዙን መቁረጫው ስለሚበላው ቀለሙ ከገጹ ልክ አልፎ መፍሰስ እንዳለበት፣ ለጽሑፉም ሰማዩን ባዶ መተው እንደሚሻል ያስተማሩኝ ሠራተኞቹ ናቸው። መጽሐፉ ሲወጣ ሽፋኑ ላይ የደራሲው ስም አለ፤ የእኔ ግን ከውስጥም ከውጭም የለም። ስጠይቅ “ሥዕል እኮ ማስጌጫ ነው” አሉኝ። ከዚያ ወዲህ ስሜን ሣሩ ውስጥ፣ ድንጋዩ ጥግ፣ የእንስራው ሆድ ላይ እጽፈዋለሁ፤ ልጆቹ ፈልገው ያገኙታል።

ያገሬን ልጆች አስፈቅጄ ነው የምሥለው። አንድ መጽሐፍ ውስጥ ያለችውን እናት የሙስሊሙም የክርስቲያኑም ልጅ “እናቴ!” እንዲላት ሻሿን ግንባሯ ላይ ዝቅ አድርጌ ነጠላ ደረብኩላት፤ አንገቷ ላይ ምንም አላሰርኩም። ማንም አልጠየቀኝም። ከአሳታሚው አዘጋጅ ጋር የተጣላነው በጭላዳ ነው።

ድርሰቱ ስለ አንዲት ጭላዳ ነበር። አዘጋጁ ከሌላ አገር መጽሐፍ የተገለበጠ ንድፍ ላከልኝ፤ ጭላዳዋ ቅርንጫፍ ላይ ተንጠልጥላ ሙዝ ትልጣለች። ንድፉን በደንቆሮ ጫካ አፋፍ ከብት ለሚጠብቁ ልጆች አሳየኋቸው። በዚያ ደጋ ጭላዳ የዕለት ጎረቤት ነው፤ ቀን ቁጭ ብሎ በሁለት እጁ ሣር ሲነጭ ይውላል፣ ሲመሽ ገደል ወርዶ ያድራል።

“ጋሼ፣ ይቺ ታማለች እንዴ?” አለኝ ትንሹ።

“ለምን?”

“ዛፍ ላይ ምን ትሠራለች? ደረቷስ ላይ ቀዩ የታለ?”

የሚቀጥለው “ሙዝ ከየት አመጣች?” ብሎ ወደ መካነ ሰላም ገበያ አቅጣጫ ጠቆመ፤ ሰርቃ ከሆነ ተረቱ ሌላ ነው ማለቱ ነው። ንድፉን ትቼ ገደሉን፣ ጓሳውንና ጅብራውን ሣልኩ፤ ጭላዳዋን ከነቀይ ደረቷ ጠርዙ ላይ አስቀመጥኳት። አዘጋጁ ስልክ ደውሎ “ልጅ ገደል ሲያይ ይፈራል” አለኝ። እዚህ ያለው ልጅ ገደሉ አፋፍ ላይ ፍየል እንደሚጠብቅ ነገርኩት። ሳምንት ያህል ተከራከርን። በመጨረሻ ተስማማ፤ ገደሉ ግን በአንድ ገጽ አልበቃ ብሎ ሁለት ገጽ ያዘ። የምከፈለውም በገጽ ነበር።