ሞተሩ ከሞቀ በኋላ ሁሉም ጤነኛ ነው

እናቴ የምትኖረው ደባርቅ ነው፤ የሕክምና ክትትሏ ግን ጎንደር ነው። ስለዚህ በአሮጌ ቪትዜ በአምባ ጊዮርጊስና በዳባት በኩል 100 ኪሎ ሜትር ያህሉን መንገድ እመላለሳለሁ።

ባለፈው ጥቅምት ለቀጠሮዋ ልንወጣ ገና 12 ሰዓት ሳይሞላ ቁልፉን አዞርኩ። ሞተሪኖው በደንብ ያዞራል። ሞተሩ ግን ይነሣና ይጠፋል። በሦስተኛው ተነሣ፤ እየተንቀጠቀጠና እያሳለ ወጣን። ከከተማዋ ሳንርቅ መኪናዋ መሀል መንገድ ላይ ጠፋች። ከኋላችን የሚመጣው የጭነት መኪና ፍሬን ይዞ ለጥቂት ተረፍን። እናቴ ከ“እመብርሃን!” በቀር አንድ ቃል አልተናገረችም። እኔ ግን እስከ ጎንደር ድረስ እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር።

ችግሩ ለእኔ አዲስ አልነበረም። ጎንደር ላይ ሁለት ጋራዥ አሳይቻታለሁ። አንዱ ካንዴላ ቀየረ። ሌላው ኢንጀክተር አጠበ፣ የቤንዚን ፊልትሮም ለወጠ። ሁለቱም ጋ የደረስኩት ረፋድ 3 ሰዓት ገደማ ነው፤ እስከዚያ ድረስ መኪናዋ በመንገድ ላይ ሞቃለች። መካኒኩ ሲያስነሣት እንደ አዲስ ናት። “ምንም የላትም፤ ብርዱና ከፍታው ነው” ተብዬ ከፍዬ ወጣሁ።

ከፍታው ነው የሚለው ወሬ መነሻ የለውም አልልም። ጎንደር ከባሕር ጠለል 2,100 ሜትር ገደማ፣ ደባርቅ ደግሞ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናቸው። ደባርቅ ላይ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠለል ካለው ከሩብ በላይ ያንሳል። የድሮ ካርቡራተር ያላት መኪና በእርግጥ ለከፍታ መስተካከል ነበረባት። ኢንጀክተር ያላት መኪና ግን አየሩን ራሷ እየለካች ቤንዚኑን ትመጥናለች። ጤነኛ ከሆነች ደባርቅም በአንድ ዙር መነሣት አለባት።

በመጨረሻ ሰዎች ወደ አንድ አዛውንት መካኒክ መሩኝ። ኮፈኑን እንኳ አልከፈቱም። “ልጄ፣ እኔ የሞቀ መኪና አላይም። ማታ አምጣትና እዚሁ ትደር” አሉኝ። እንዳሉት አደረግሁ። በማግስቱ ማለዳ ከማስነሣታቸው በፊት ሞተሩን በእጃቸው ዳሰሱት፤ እንደ ድንጋይ ቀዝቅዟል። ቁልፉን ከፍተው፣ ሞተሩን ሳያስነሡ፣ የኮምፒውተር መመርመሪያውን ሰኩ። የሚገባው አየር 13 ዲግሪ ይላል። የራዲያተሩ ውኃ 61 ዲግሪ ይላል! ሌሊቱን ሙሉ ቆማ ያደረች መኪና!

“ይኸውልህ” አሉ፣ “እየዋሸ ነው።”

ውሸታሙ የውኃውን ሙቀት የሚለካው ሴንሰር ነው። ቤንዚን በብርድ ጊዜ በደንብ አይተንም፤ ስለዚህ ቀዝቃዛ ሞተር ለመነሣት ከወትሮው የበዛ ቤንዚን ይፈልጋል። ምን ያህል እንደሚጨመር ኮምፒውተሩ የሚወስነው ከዚህ ሴንሰር በሚመጣው ቁጥር ነው። ሴንሰሩ “ሞቋል” ካለ ኮምፒውተሩ ቤንዚኑን ይቀንሳል፤ ሞተሩም ይራባል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ይጠፋል። ትንሽ ቆይቶ ሞተሩ በእርግጥ ሲሞቅ የሴንሰሩ ቁጥርና እውነቱ ይገናኛሉ፤ ችግሩም ይጠፋል። ጎንደር ላይ ትንሽ ብቻ ትንቀጠቀጥ የነበረችው ደባርቅ ላይ የባሰባትም ብርዱ በጨመረ ቁጥር ውሸቱ ከእውነቱ ስለሚርቅ ነው።

“ታዲያ ጋሼ፣ የማስጠንቀቂያው መብራት ለምን አልበራም?” አልኳቸው። መብራቱ የሚበራው ሽቦው ሲቆረጥ ወይም ሴንሰሩ የማይሆን ቁጥር ሲናገር ነው አሉኝ። 61 ዲግሪ ሊሆን የሚችል ቁጥር ነው። እንደኔዋ ያለች አሮጌ መኪና ሐሰት መሆኑን የምታውቅበት መንገድ የላትም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ይህ ነገር ከአእምሮዬ አልወጣም። ስንት መሥሪያ ቤት ውስጥ ተቀምጠን “አፈጻጸሙ 61 በመቶ ነው” የሚል ሪፖርት ሰምተናል? ቁጥሩ የማይሆን አይደለም፤ ማንንም አያስደነግጥም፤ መብራት አያበራም። በጀቱና ውሳኔው ግን በእሱ ይመጠናል፤ ታች ያለው ደግሞ በብርድ ይራባል። ጎብኚ ባለሥልጣን የሚመጣውም ረፋድ ላይ፣ ሁሉም ከተሟሟቀ በኋላ ነው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል፤ የእኔዋ መኪና ግን በሽታዋን አልደበቀችም። እኛ ነን በማይታይበት ሰዓት የምንወስዳት።

ሴንሰሩን ለመቀየር ያወጣሁት ከዚያ በፊት በከንቱ ካወጣሁት እጅግ ያንሳል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ያገለገሉ መኪኖችን ዋጋ ሰቀለ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከለከለ። ስለዚህ አብዛኞቻችን ያለችንን አሮጌ መኪና ይዘን ገና ብዙ እንጓዛለን። በግምት ዕቃ መቀያየር ኪስ ያራቁታል፤ አንዳንዴም መንገድ ላይ ያስቀራል።

ጠዋት ለምታስቸግር መኪና የተማርኩት ይህ ነው። መጀመሪያ ድምፁን ስሙ። ሞተሪኖው እየጎተተ ቀስ ብሎ ካዞረ ባትሪውንና የባትሪውን መያዣዎች እዩ፤ ጤነኛና የተሞላ ባትሪ ቆሞ ሲያድር 12.6 ቮልት አካባቢ ያሳያል። በደንብ እያዞረ የማይነሣ ከሆነ ጥያቄው ቤንዚን፣ አየር፣ ካንዴላ ወይም ሴንሰር ነው። ዕቃ ከመግዛታችሁ በፊት መኪናዋ ባደረችበት የውኃውንና የአየሩን ሙቀት አስነብቡ፤ ሁለቱ ቁጥሮች ሊቀራረቡ ይገባል። ጋራዥ የምትወስዱትም ማታ ይሁን፤ እዚያው ትደር።

በኅዳሩ ቀጠሮ በዚያው ሰዓት፣ በዚያው ብርድ ቁልፉን አዞርኩ። በአንድ ዙር ተነሣች። እናቴ ግን አላመነችም፤ ዳባት እስክንደርስ ድረስ ወደ ኋላ እየዞረች የጭነት መኪና ትፈልግ ነበር።