መብረቅ የለኮሰው መስክ

ከጊንጪ በላይ፣ በጭሊሞ ደን በኩል ያለው ሜዳ ያኔ ሣር ብቻ ነበር። ዋልካ መሬት ነው፤ ክረምት ውሃ ይተኛበታል፣ በጋ እግር የሚውጥ ስንጥቅ ይሆናል። ለማረሻ ስለማይመች ለከብት ተተወ። ጥር ሲወጣ ሣሩ እንደቆመ ይደርቃል፤ ስንሮጥበት ባታችንን ይቧጭረን ነበር።

ዘመኑ የደርግ ነው። መጋቢት ማለቂያ ላይ፣ አንድ ከሰዓት በኋላ፣ በደንዲ ተራራ በኩል ደመናው ጠቆረ። የበልግ ደመና ሁሌ አያዘንብም፤ ማስፈራራት ግን ያውቅበታል። ቀይ ልብስ መብረቅ ይጠራል ይባላልና ሹራቤን አውልቄ ድንጋይ ሥር ወሸቅሁት። ወዲያው ከመስኩ ዳር ያለው ብቸኛ ጥድ ከአናቱ እስከ ሥሩ ተተረተረ። ጠብታ እንኳ አልወረደም። ከሥሩ ጭስ ብድግ አለ፣ ነፋስ አገኘው፣ ሣሩ ይንጣጣ ጀመር።

አያቴ ከደጅ «ባከካ!» ብላ ጮኸች፤ መብረቅ ማለቷ ነው። ኡኡታው ከመንደር መንደር ተቀባበለ። ጎልማሳው እርጥብ ቅጠል እየዘነጠፈ እሳቱን ሲደበድብ፣ እኛ ጥጃዎቹን ወደ ወንዙ ነዳን። ሲመሽ ጠፋ።

ማግስቱን ከቀበሌ የመጣው ሰው ግን መብረቅ የሚባል ነገር አልሰማም። «እረኞቹ ናቸው!» አለ፤ ተገረፍን።

ዛሬ ሳስበው ያን ያህል አልፈርድበትም። ባገራችን መብረቅ አብዛኛውን ጊዜ ከዝናብ ጋር ስለሚመጣ የለኮሰውን ዝናቡ ያጠፋዋል። ሰደድ እሳት ሲነሣ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ሰው ነው፤ ማር ቆራጭ፣ ከሰል አክሳይ፣ ደን መንጣሪ፣ ለምለም ሣር የናፈቀው እረኛ። በ1992 ዓ.ም. የባሌና የቦረና ደን ሲነድ፣ ተማሪው ሳይቀር ሊያጠፋ ሲዘምት፣ እኔ ያሰብኩት እረኞቹን ነበር፤ ስንቱ ተገርፎ ይሆን?

ዝናቡ ከሳምንት በኋላ መጣ። ጥቁሩ መስክ አረንጓዴ ለበሰ፣ ላሞቹ ወተት ጨመሩ። አያቴ ቅቤውን አናቴ ላይ እየቀባች «የግርፋትህ ነው» ትለኝ ነበር።

ውሃውን በቦይ ማንጣፈፍ ከመጣ ወዲህ ዋልካው ጤፍና ስንዴ ያበቅላል፤ የተረፈው ባሕር ዛፍ ነው። መብረቁ እንደሆነ ዛሬም በየበልጉ አይቀርም፤ የሚያነደው ሣር ግን አጥቷል። ጥዱ ያኔውኑ ተፈልጦ የአጥር ቋሚ ሆነ። ምስጥ አይደፍረውምና ባለፈው ስሄድ አንዱ እንደቆመ አገኘሁት። ሽቦ ተጠምጥሞበታል፤ ባንድ ጎኑ አሁንም ጥቁር ነው።