ባዕዱ ብረት

ሥጋ ባዕድ አይወድም። እግር ላይ ተሰብራ የቀረች እሾህ እንኳ ትመግላለች፤ ገላ ይቆጣል፣ ያብጣል፣ በመጨረሻም ገፍቶ ያወጣታል። ታዲያ ይህ ቁጡ ሥጋ ስለ ምን ቲታኒየምን «ቤት ለእንግዳ» ብሎ ይቀበላል?

ጥያቄው የአክስቴ ነው። ባቱ ውስጥ ባጃጅ የሚነዳው ልጇ ጭኑ ተሰብሮ፣ አዲስ አበባ የቲታኒየም ዘንግ ከነብሎኖቹ ገብቶለት ተመለሰ። አክስቴ ራጁን ወደ መስኮቱ ብርሃን አንስታ፣ «ይኸ ነገር ሳይወጣለት ሊያረጅ ነው?» አለችኝ። ካላስቸገረው ይችላል።

ቲታኒየም አየር ሲነካው ወዲያው ከኦክስጅን ጋር ተዋሕዶ በዓይን የማይታይ ስስ ልባስ ይለብሳል። ቢፋቅ መልሶ ይለብሳል። ሥጋ የሚነካው እንግዲህ ልባሱን ነው፤ ልባሱም ከማንም ጋር ጠብ የለውም። በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ስዊድናዊው ተመራማሪ ፔር ኢንግቫር ብሮነማርክ ጥንቸል አጥንት ውስጥ ያስገባውን የቲታኒየም መሣሪያ ሊያወጣ ቢሞክር፣ አጥንቱ አልለቅም አለው። በ1965 በዚሁ ብልሃት ለሰው ጥርስ ተከለ።

ሐኪሞች በብዛት የሚያውቁት ቅይጥ ከመቶ 6 እጅ አሉሚኒየም፣ 4 እጅ ቫናዲየም አለበት። ጠንካራ ነው። እኔን የገረመኝ ግን ለዘብ ማለቱ ነው። ግትርነቱ ከማይዝግ ብረት ግማሽ ያህል ነው። የማይዝግ ብረትም ቢሆን ብዙ ሰው አቁሟል፤ ሳይን የተባለው የአሜሪካ ድርጅት ለጥቁር አንበሳ ሆስፒታል የለገሰው ዘንግ ከእርሱ የተሠራ ነው። ነገር ግን አጥንት የሚጠነክረው ሸክም ሲያርፍበት ነው። ሸክሙን ሁሉ ብረቱ ከወሰደለት ይሳሳል። ግትር ደጋፊ የደገፈውን ያሰንፋል።

ይህን ወጌሻም ያውቀዋል። የቀርከሃ ስንጥር አስሮ ስንቱን አጥንት ጠግኗል! እስሩ ከልክ በላይ ሲጠብቅ ግን ደም ተቋርጦ እግር እስከ መቆረጥ የደረሰበትን ጊዜ የአገራችን ሐኪሞች ደጋግመው ጽፈዋል።

አሁን ሐኪሙ ልጁን «እግርህን እያስረገጥክ ተራመድ» ብሎታል። አክስቴ አልፈቀደችም፤ ከአልጋ እስከ በር ደግፋ ታደርሰዋለች። ብረቱ ሸክሙን ለአጥንቱ ማጋራት ያውቅበታል። እናት ግን ይህ አይሆንላትም። አጥንቱ የሚጠብቀው የእርሷን ፈቃድ ይመስለኛል።